80 ዶላር የሚሸጠው ባለ 7 ኢንች የትራክ ጂፒኤስ ያዋጣል?

አዲስ ሲዲኤል

ሰላም ወገኖች። ኦንላይን ላይ 80 ዶላር ገደማ የሚሸጥ፣ ስሙ የማይታወቅ ባለ 7 ኢንች ጂፒኤስ አለ። «ለትራክ፣ ለአርቪና ለመኪና፤ ካርታው ዕድሜ ልክ በነጻ ይታደሳል» ይላል። ቁመት፣ ክብደትና ርዝመት የሚሞላበት ገጽም አለው። የታወቁት የትራክ ጂፒኤሶች ደግሞ ከ300 ዶላር በላይ ናቸው። የሚጎተተው ባለ 53 ጫማ ድራይ ቫን (ዝግ የጭነት ሣጥን ትሬለር) ነው፤ መስመሩ ከኦሃዮ ወደ ፔንሲልቬንያ፣ ኒው ጀርሲና ሰሜን ካሮላይና። የዋጋው ልዩነት የስም ነው ወይስ የሥራ? ስልክ ላይ ጉግል ማፕ ይበቃል የሚሉም ስላሉ የምታውቁ ብታስረዱን።

ባለ 18 ጎማ

የጉግል ማፕን ነገር መጀመሪያ እንቋጨው። የትራክ ቁመትና ክብደት የሚሞላበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ የሚመራህ እንደ ቤት መኪና ነው። የትራፊክ መጨናነቅ ለማየት ጥሩ ነው፤ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ቁመት ያለው ትሬለር ለማስገባት ግን አይሆንም።

ወደ ርካሹ ጂፒኤስ ስንመጣ፣ ሳተላይት በመቀበል በኩል ብዙም አይታማም። ሲግናሉ ለሁሉም ነጻ ነው፣ መቀበያ ቺፑም ርካሽ ሆኗል። መጀመሪያ ሲከፈት ቦታውን ለማግኘት ቢዘገይ አትደንግጥ። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን ምህዋር በየ30 ሴኮንዱ ይናገራል፣ የሁሉንም ሳተላይቶች ዝርዝር ግን አንዴ ለመጨረስ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ 15 ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀስ አቁመው።

ልዩነቱ ያለው ካርታው ውስጥ ነው። ቁመት የምትሞላበት ገጽ የሶፍትዌሩ ነው፤ የድልድዩ ከፍታና «ትራክ አይገባም» የሚለው መረጃ ግን የካርታው ነው። ካርታው ያንን ካልያዘ የሞላኸው ቁጥር የትም አይደርስም፣ ማሽኑም አያስጠነቅቅህም። ኢንተርስቴት (ክፍለ ግዛቶችን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና) ላይ እስካለህ ጉድለቱ አይታወቅም፤ እዚያ ዝቅተኛው የድልድይ ከፍታ ከከተማ ውጭ 16፣ ከተማ ውስጥ 14 ጫማ እንዲሆን ነው የተደነገገው። ችግሩ ከኤግዚት (ከአውራ ጎዳናው መውጫ) ከወጣህ በኋላ ባለችው የመጨረሻዋ 5 ማይል ላይ ነው።

ስለዚህ በሻጩ ቃል አትመን፣ ፈትነው። ቤት ቁጭ ብለህ ይሆናል፤ መነሻውን በእጅ ሰጥተህ መንገዱን በካርታው ላይ ብቻ ታያለህ።

አንደኛው ፈተና ደርሃም፣ ሰሜን ካሮላይና ነው፤ ያንተው መስመር ላይ። ግሬግሰን ጎዳና ላይ ያለው የባቡር ድልድይ 11 ጫማ ከ8 ነበር፣ በ2019 መጨረሻ ላይ ከፍ ተደርጎ 12 ጫማ ከ4 ሆኗል። ጎዳናው ወደ ደቡብ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ መነሻህን ኖርዝ ግሬግሰን፣ መድረሻህን ከባቡር ሐዲዱ በስተደቡብ ሳውዝ ግሬግሰን አድርግ። በመኪና ሞድ ቀጥታ በድልድዩ ሥር ያሳልፍሃል። ከዚያ ወደ ትራክ ሞድ ቀይረህ 13 ጫማ ከ6 ሙላ፤ አሁንም በዚያው ካሳለፈህ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ መልስ። ዞሮ ከሄደ ደግሞ ቁመቱን 12 ጫማ አድርገህ ድገመው። አዲስ ካርታ ሊያሳልፍህ ይገባል፣ ከ2019 በፊት የተሠራ ግን 11 ከ8 ብሎ ያዞርሃል። ይህ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ስለ ካርታው ዕድሜ ፍንጭ ይሰጣል።

ሁለተኛው፣ ከሬገን አየር ማረፊያ ወደ ማክሊን፣ ቨርጂኒያ። በመኪና ሞድ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይን ይመርጣል፤ መንገዱ ግን ለንግድ ትራክ የተከለከለ ነው። ሁለቱም ሞድ አንድ ዓይነት መስመር ከሰጡህ «ትራክ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለቱንም ፈተና መሥራት ያስፈልጋል፤ ከፍታውን ይዞ ክልከላውን ያልያዘ ካርታ ይኖራልና።

ኬብልና ካርታ

ከላይ በተባለው ላይ ስለ ካርታው ልጨምር። አብዛኞቹ ስም የለሽ ማሽኖች ዊንዶውስ ሲኢ (ለትንንሽ ማሽኖች የተሠራ ዊንዶውስ) ላይ የተጫነ አይጎ (iGO) የሚባል የመንገድ መሪ ሶፍትዌር ነው ያላቸው። ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ «ኮንቴንት»፣ ከዚያ «ማፕ» የሚለውን ፎልደር ክፈት፤ መጨረሻቸው ኤፍቢኤል (.fbl) የሆኑ ፋይሎች ካርታዎቹ ናቸው። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቀን ግን አያታልልህ፣ ፋይሉ የተገለበጠበት ቀን ሊሆን ይችላል። የካርታውን እውነተኛ ዕድሜ የምታየው ማሽኑ ላይ፣ በሴቲንግ ውስጥ ስለ ሶፍትዌሩ የሚናገረው ገጽ ላይ ነው፤ የካርታ አቅራቢው ስም፣ ዓመቱና ሩብ ዓመቱ ተጽፎ ይገኛል። ያ ከሌለ ወይም ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ መልሰው።

«ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል በብዙዎቹ ዘንድ ትርጉሙ ሻጩ በኢሜይል የሚልከው ማውረጃ ሊንክ ነው። ሻጩ ሱቁን ከዘጋ የካርታው ዕድሜም እዚያው ያበቃል። ሊንኩ ቢመጣ እንኳ ሳትጭን በፊት የማሽኑን ፋይል በሙሉ ኮምፒውተርህ ላይ ቅዳ። ብዙ ማሽን የሚበላሸው አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ ነው፤ ቅጂ ከሌለህ ማስነሻ የለውም። የማሽኑ 8 ጊጋ ማከማቻ ቶሎ ስለሚሞላ የማትሄድበትን አህጉር ካርታ አስቀድመህ አውጣ።

አድራሻ ላይም ተጠንቀቅ። ሬት ኮንፈርሜሽኑ (የጭነቱ የዋጋ ስምምነት ወረቀት) ላይ ያለው አድራሻ ብዙ ጊዜ የቢሮው በር ነው፣ የትራክ መግቢያው በጀርባ ባለው ሌላ ጎዳና ይሆናል። በሩን ከሳተላይት ፎቶ ላይ አግኝተህ ኮኦርዲኔቱን (የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን) መሙላት ይሻላል፤ ስትሞላ ግን ማሽኑ በዲግሪ አሥርዮሽ ይሁን በዲግሪና ደቂቃ የሚቀበለው አረጋግጥ። 38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃን 38.50 ብለህ ብትጽፍ 23 ማይል ያህል ወደ ደቡብ ትስታለህ።

እሳት መከላከያ

ስለ ኃይልና ሙቀት ማንም ስላልነካው። ውስጡ ያለው ባትሪ ትንሽ ስለሆነ እንደ መጠባበቂያ ብቻ ቁጠረው። ብሩህነቱን ሙሉ አድርገህ 1 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ብትሰካው እየተሰካም ቀስ በቀስ ሊያልቅ ይችላል፤ ባለ 5 ቮልት 2 አምፔር ይሁን። ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ዩኤስቢ በተራ ኬብል ስትሰካው ኮምፒውተር የተገናኘ መስሎት ካርታውን የሚዘጋም አለ። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፣ አብሮት በመጣው የላይተር ቻርጀር ሰካው።

ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞላ ይጎዳል፣ በበጋ የቆመ ትራክ ዳሽቦርድ ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ካቆምክ ነቅለህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ስክሪኑን ስትነካው ሌላ ቦታ የተነካ የሚመስለው ከሆነ መጀመሪያ ከሴቲንግ ውስጥ ካሊብሬት አድርገው (የንክኪውን ቦታ አስተካክለው)፤ ካልተስተካከለ ጎኑን በጣትህ ዳብስ። የኋላ ክዳኑ ካበጠ ባትሪው ነፍቷል፣ ያኔ ቻርጅ ማድረግ አቁም።

አዲስ ሲዲኤል

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የፊት መስታወት ላይ የት ቢለጠፍ ነው ኢንስፔክሽን (የትራክ ፍተሻ) ላይ የማያስጠይቀው? 80 ዶላሩን ትቼ ምን ልግዛ?

ባለ 18 ጎማ

የፌዴራሉ ደንብ ዋይፐር ከሚጠርገው ቦታ ታችኛው ጠርዝ 7 ኢንች በላይ እንዳያልፍ ይላል፤ ላይኛው በኩል ከሆነ ከጠርዙ 8 ኢንች ተኩል በታች እንዳይወርድ። መንገዱንና ምልክቶቹን ከምታይበት መስመርም ውጭ መሆን አለበት። ባለ 9 ኢንቹን ለዚህ ቦታ አልመክርም፣ ከነመያዣው ስትለካው ያልፋል። መስታወቱን በአልኮል ጠርገህ ደረቅ ሲሆን ለጥፈው።

ለግዢው፣ አምራቹ ራሱ አድሶ ዋስትና ሰጥቶ የሚሸጠውን የቀድሞ ሞዴል የትራክ ጂፒኤስ ፈልግ፤ ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል፣ ካርታውም ከአምራቹ በቀጥታ ይታደሳል። ገንዘብህ ለሱም ካልደረሰልህ፣ ስልክ ላይ ያለ የትራክ አፕ ከማይታወቀው ማሽን ይበልጥብኛል። ግን ስልኩ መያዣ ላይ ይሁን፤ እየነዱ በእጅ መያዝ ሹፌሩን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። በየትኛውም ብትሄድ የደርሃሙን ፈተና መጀመሪያ እሱም ላይ ሥራ። ድልድዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ማሽኑ የሚልህ ከተለያየ ደግሞ የምታምነው የተጻፈውን ነው።