ቀይ መብራት ላይ ሞተሩን ማን ያጥፋው?

ማርሽ አምስት፦ አዲስ መኪና ከያዝኩ ሦስት ወሬ ነው። ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ጭጭ ይላል፣ ስለቅ ተንዘፍዝፎ ይነሳል። ነዳጅ ይቆጥባል አሉኝ፣ እሺ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄን በራሱ መጥፋትና መነሳት ማስቀሪያ ቁልፉ ነው። አሁን ተጭኜ ባጠፋው፣ መኪናውን አቁሜ እንደገና ሳስነሳ ተመልሶ በርቶ ይጠብቀኛል። ሬዲዮው ጣቢያዬን ያስታውሳል፣ ወንበሩ ቁመቴን ያስታውሳል፣ ይሄ ቁልፍ ብቻ ምን ነክቶት ነው የሚረሳው? በገዛሁት መኪና የማዘው እኔ ነኝ ወይስ ፋብሪካው?

ቆጣቢው፦ አንድ ቁልፍ መጫን ይሄን ያህል ያማርራል እንዴ ወንድሜ? ቆሞ የሚሠራ ሞተር እኮ በሊትር ዜሮ ኪሎሜትር ነው የሚሄደው። እንደ ሞተሩ ትልቅነትና እንደ ኤሲው፣ ሚኒሞ ላይ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ከ10 ሰከንድ በላይ የምትቆም ከሆነ አጥፍቶ ማስነሳቱ ያዋጣል፣ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤትም የሚለው ይሄንኑ ነው። «ሲነሳ ብዙ ይበላል» የሚባለው የካርቡሬተር ዘመን ወሬ ነው።

የኋላ ወንበር፦ 10 ሰከንድ ካልክ እኮ ራስህ ለእሱ ፈረድክለት 😄 መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሜትር ሄዶ ሦስት ሰከንድ ቆሞ ሲጠፋና ሲነሳ፣ ሲጠፋና ሲነሳ፣ ምኑ ተቆጠበ?

ቆጣቢው፦ ለዚያ ዘዴ አለው። ብዙ መኪኖች ላይ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ከያዝከው አያጠፋም፣ ጠበቅ ስታደርገው ነው የሚያጠፋው።

ብሮንዚን፦ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ እስቲ ልግባበት። መጀመሪያ «ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ይገድለዋል» የሚለውን ተዉት፣ እነዚህ መኪኖች ላይ የሚገጠመው ለብዙ ማስነሳት ታስቦ የተሠራ፣ ከተራው የጠነከረ ነው። ብሮንዚን፣ ማለትም ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞርበትን ስስ ብረት፣ ይበላል የሚለው ትንሽ እውነት አለው። ኮሎው መዞር ሲጀምር የዘይቱ ሽፋን ገና ስላልተሠራ ብረት ከብረት ይነካካል። ግን ክፉው ነገር ጠዋት በቀዝቃዛው ማስነሳት ነው፣ መብራት ላይ ለ40 ሰከንድ የጠፋ ሞተር እኮ ትኩስ ነው፣ ዘይቱም ገና ወርዶ አላለቀም። ለዚሁ ብለው ብሮንዚኑን ፖሊመር የሚቀቡ አምራቾችም አሉ።

እኔ የማዝነው በባትሪው ነው። ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ የሚባለውን ዓይነት ይፈልጋል፣ ከተራው በጣም ይወደዳል። ደንበኛው ዋጋውን ይሰማና «ተራውን ግጠምልኝ» ይለኛል፣ ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ሞቶ ይመጣል። አንዳንዱ መኪና ላይ ደግሞ አዲስ ባትሪ መግባቱ በኮምፒውተር ካልተነገረው አሮጌውን እንደሚሞላው ነው የሚሞላው። ነዳጅ ላይ የተረፈውን ስትደምሩ ይሄንንም ቀንሱ እንጂ! (ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚቀረው ይሄ ማጥፋትና ማስነሳቱ ራሱ ነው። «ተመስገን፣ ተበላሸልኝ» ብለው በደስታ የሚመጡ አሉ። ሊቀጥል ያለው ምን እንደሆነ ስነግራቸው ደስታው ይጠፋል።)

ሰላማዊት፦ ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው እንዴ የምታወሩት? እኔ የምፈራው መታጠፊያ ላይ ነው። ከፊት የሚመጣውን ጠብቄ ክፍተት አየሁ፣ ፍሬን ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ መኪናው ግን ገና እየነቃ ነው። ግማሽ ሰከንድ ትንሽ ነው የሚል ሰው መሀል መንገድ ላይ አፍንጫውን አውጥቶ ይሞክረው።

የኋላ ወንበር፦ ኤሲውንም ጨምሪበት። ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ አብሮ ይቆማል፣ የሚመጣው ንፋስ ብቻ ነው፣ ያውም እየሞቀ። በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄደው ሃይብሪድ እኮ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ያጠፋል፣ የሚያማርር ግን አልሰማሁም።

ብሮንዚን፦ ሃይብሪድ ሞተሩ እስኪነሳ አይጠብቅም፣ የኤሌክትሪኩ ሞተር ወዲያው ይገፋዋል። ኮምፕሬሰሩም አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው፣ በሞተሩ ቺንጊያ (ቀበቶ) አይደለም። ሰላማዊት፣ ያልሽው ትክክል ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ አስቀድሞ ቁልፉን ተጭኖ ሞተሩ በራሱ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ሁሉም እኩል አይዘገይም ግን። ማዝዳ በፈረንጆቹ 2009 ያወጣው ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ አቃጥሎ በሱ ጉልበት ጭምር ስለሚነሳ 0.35 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት።

ማርሽ አምስት፦ ስለ ቁልፉ ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ቆጣቢው፦ ልንገርህ። የነዳጅና የጭስ ፍተሻው መኪናው ሲነሳ በሚገኝበት ሁኔታ ነው የሚለካው። ቁልፉ ማጥፋትህን ካስታወሰ ፋብሪካው ያስመዘገበው ቁጥር አይቆምለትም። አሜሪካ ውስጥ አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፣ ለሚገጥሙ አምራቾች ግን የልቀት ሒሳባቸው ላይ ነጥብ ይያዝላቸው ነበር። በ2025 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኃላፊ ሊ ዜልዲን ራሳቸው ሰው ሁሉ ይጠላዋል፣ እናስተካክለዋለን ብለው ተናገሩ።

ማርሽ አምስት፦ በቃ ይኸው! ለፋብሪካው ነጥብ፣ ለኔ የባትሪ ዋጋ።

ቆጣቢው፦ ጭሱስ? መብራት ላይ ከኋላህ ቆሞ የሚተነፍሰው ሰውም ሒሳብ ውስጥ ይግባ እንጂ።

ሰላማዊት፦ ይግባ፣ ማን ከለከለ? ግን አጥፍቼው ከሆነ ጠፍቶ ይቆይ። ሰው ማስገደድ ሌላ፣ ማሳመን ሌላ።

የኋላ ወንበር፦ ማጥፋትህን እንዲያስታውስ የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ ተሰክቶ ይሠራል ይባላል፣ ብሮንዚን ታውቀዋለህ?

ብሮንዚን፦ አለ፣ አውቀዋለሁ። ዋስትናው ያላለቀ መኪና ላይ ግን እኔ አልነካም፣ ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ በሱ ያሳብባሉ።

ማርሽ አምስት፦ የኔ ዋስትና ገና ብዙ ይቀረዋል። ነገ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ መያዙን እሞክራለሁ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ቀበቶ፣ መስታወት፣ ቁልፍ።