«መንፈስ ያድርበታል» የሚባል የድሮ እስር ቤት ልጅ ይዞ መጎብኘት

የቱሉዋ እናት፦

ሰላም ናችሁ? የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ዘንድሮ የታሪክ ክበብ ገብቷል። መምህሩ «እስር ቤት የነበረ፣ አሁን ሙዚየም የሆነ ቦታ ጎብኝታችሁ ጻፉ» ብሏቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ስልኩ ላይ አፍጥጦ መንፈስ ያድርበታል የሚባል የውጭ አገር እስር ቤት ቪዲዮ ማየት ሆኗል። በውጭ አገር የድሮውን ወህኒ ቤት ሙዚየም አድርገው፣ ማታ በባትሪ እያስጎበኙ ብር ይሰበስቡበታል። «እማ፣ እኛ ጋ የለም?» እያለ አደረቀኝ።

በኛ በኩል እስር ቤት ሲባል ሰው የሚያስበው ቃሊቲን ነው። እሱ ደግሞ እስረኛ ያለበት ነው፣ ሙዚየም አይደለም። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ነገሩን ሰምተው «ሰው በግፍ የሞተበት ቤት ልጅ አይወሰድም፣ ክፉ ነገር ይለክፈዋል» ብለው ቤቱን አውከውታል። እስቲ ምከሩኝ። የት ልውሰደው? ለ14 ዓመት ልጅ አይከብድም ወይ? ደግሞ ማታ ማታ ጩኸት ይሰማል የሚባለውስ እውነት ነው?

ሹፌሩ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ያሰበው ዓለም በቃኝ የሚባለውን የድሮ እስር ቤት ከሆነ ተስፋ አትስጪው፤ የለም። እሱ የነበረበት የከርቸሌ ግቢ በ2000 ገደማ ፈርሷል። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ስትሄጂ የምታዪው ረጅሙ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው እዚያው ላይ ነው። ጥር 2004 ነው የተመረቀው፣ ቁመቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ጣሊያን ከየካቲት 12 በኋላ የተማረውን ሰው ያጎረበት፣ ደርግም በኋላ የሞላው ግቢ ነበር።

እኔ የማታ ሹፌር ነኝ። እዚያ አካባቢ ቆሜ ደንበኛ ስጠብቅ ከውሻ ጩኸት ሌላ የሰማሁት የለም። መንፈስ ቢኖርስ በዚያ ሁሉ ጥበቃ መሃል መታወቂያ ሳያሳይ ያልፋል ብለሽ ነው?

ዘነበች ከካሳንቺስ፦

የቱሉዋ እናት፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም፣ «ልጄ» ልበልሽ። በመጀመሪያ አማትሽን አትቆጪያቸው። የዚያን ዘመን ሰው ከሆኑ የሚፈሩት ጋኔን ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ሄዶ የሚያየው መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። የተከፈተው በ2002 ነው። ግን ለመምህሩ ንገሪው፣ ቤቱ እስር ቤት አልነበረም፤ ለመታሰቢያ ተብሎ የተሠራ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ እስር ቤቱ ሌላ ነበር። እስር ቤቱ ሰፈራችን ነበር። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ከሰው የተነጠቀው ቪላ የቀበሌና የከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት ሆነ። ሳሎኑ መመርመሪያ፣ የሠራተኛ ክፍሉ ማጎሪያ ሆነ። ዛሬ በአጠገቡ አልፈሽ ልጅሽን ትምህርት ቤት ታደርሺው ይሆናል፣ ምን እንደነበረ የሚናገር ምልክት እንኳ የለበትም።

ታላቅ ወንድሜን የወሰዱት ከቤታችን ብዙም ወደማይርቅ እንዲህ ወዳለ ግቢ ነው። እናቴ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ምግቡን የምትቋጥረው በሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጥቁር ሆኗል። በዚያ ላይ ሌላ ሳህን ትደፋበትና በነጠላ ቁራጭ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች። ዘበኛው ቋጠሮውን ይፈታል፣ እንጀራውን በጣቱ ይገለብጣል፣ ወጡን በእንጨት ያማስላል። ወረቀት እንዳይኖርበት ነው። ከዚያ የትናንቱ ባዶ ሳህን ይመለሳል። እናቴ ሳህኑን ከፍታ ታየዋለች። በልቶበት ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ሳህኑ እንደሄደ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ተመለሰ። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ልጁ መገደሉን የሚያውቀው በዚህ ነበር። ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው። እናቴ አፏን በነጠላ ይዛ ሳህኑን ስታጥብ ነው የማስታውሳት።

እንግዲህ ልጅሽ ሙዚየሙ ሲገባ የሚያየው ይህን ነው። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፣ አብዛኛው የልጅ ፊት ነው። ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም፣ ልብስ፣ ጫማ በመስታወት ውስጥ አለ። ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። እኔ ብሆን ለ14 ዓመት ልጅ አፅሙ ያለበትን ክፍል ቀድሜ ነግሬው፣ «መግባት ካልፈለግህ ውጭ ጠብቀኝ» እለዋለሁ። ፎቶዎቹን ግን ይይ። በር ላይ ያለውን የሦስት ሴቶች ሐውልትም ይይ። አደባባዩንም አሳዪው። በ1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም ሕዝብ ፊት ቀይ ነገር የተሞላ ጠርሙስ አንስቶ የፈጠፈጠው እዚያ ነው። ሰው እንደ ደም ነው ያየው።

መግቢያ አይከፈልም፣ ለመርጃ የምትጥዪበት ሣጥን አለ። አንድ አደራ ብቻ። የሚያስጎበኛችሁ ሰው ራሱ ታስሮ የወጣ ሊሆን ይችላል። ወፌ ላላ የሚባለው ግርፋት ምን እንደሆነ በእጁ አሳይቶ ያስረዳችኋል፣ ውስጥ እግሩን የተገረፈ ስለሆነ ነው የሚያውቀው። ልጅሽ እንዲህ ያለውን ሰው «ማታ መንፈስ ይሰማል?» ብሎ እንዳይጠይቅ። «አብሮህ የታሰረው ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቀው። ያኔ ቁጭ ብሎ ያወራዋል።

ነገረኛው (አቃቂ)፦

የእትዬ ዘነበችን ካነበብኩ በኋላ ለመቀለድ ከበደኝ፣ ግን የጩኸቱን ነገር ማንም አልመለሰላትም።

አጎቴ እዚህ አቃቂ አንድ መጋዘን ዘበኛ ነው። ድሮ የከፍተኛ እስር ቤት ነበር ይባላል። ሰፈሩ «ማታ ሰው ያቃስትበታል» ይላል። አንድ ሌሊት አብሬው አደርኩ። እውነት ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጣሪያው «ጣ… ጣ…» ይላል። ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ሌሊት ሲበርደው እየተኮማተረ ነው የሚጮኸው። በአቃቂ ብርድ ይብሳል። የሚያቃስተው ደግሞ ጅብ ነው፣ ከወንዙ ወዲያ። ይኼ አገር መብራት ያለበት ነገር ሁሉ ሰይጣን አይጠፋበትም፤ የመጀመሪያውን ሲኒማ እንኳ «ሰይጣን ቤት» ያለ ሕዝብ ነን።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ «ጣሪያው ነው» ብሎ ራሱ አስረድቶኝ ሲያበቃ፣ ወደ ኋለኛው ክፍል ሲሄድ አማትቦ ነው የሚገባው።

ለቁም ነገሩ ደግሞ፣ እትዬ ዘነበች እንዳሉት ያለ አፅም ከኮተቤም የወጣ አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከተማው ዳር፣ ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ የ30 ሰው አፅም ወጥቷል። ቁፋሮውን የሠሩት ከአርጀንቲና የመጡ የአፅም ምርመራ ባለሙያዎች ናቸው። የታነቁበት ገመድ አብሮ ተገኝቷል። ናይሎን ስለሆነ አልበሰበሰም።

መምህር ነኝ፦

ለቤት ሥራው ትክክለኛ መልስ የሚሆነው አንድነት ፓርክ ነው፣ እንዴት ሁላችሁም ዘለላችሁት? ከ2012 ጀምሮ ክፍት የሆነው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ የዙፋን አዳራሹ ምድር ቤት እስር ቤት ነበር። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ከአራተኛ ክፍለ ጦር አምጥቶ ያጎራቸው እዚያ ነው። ሚኒስትር፣ ጄኔራል፣ ራስና ደጃዝማች አንድ ላይ መሬት ላይ ይተኙ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ከመካከላቸው እየተጠሩ ወደ ከርቸሌ ተወሰዱና ተረሸኑ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ አሉበት። አፅማቸው በኋላ ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል፣ ከፓርኩ ሩቅ አይደለም። ልጁ ጠዋት ምድር ቤቱን አይቶ ከሰዓት መቃብሩን ቢያይ ጽሑፉ በራሱ ይሞላለታል።

ማዕከላዊ የሚባለውን የፖሊስ ምርመራ እስር ቤትም የሚጠይቁ ተማሪዎች አሉኝ። በ2010 ተዘግቶ ጳጉሜን 2011 ላይ ለጥቂት ቀናት ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር። ሄጄ ነበር። «ጨለማ ቤት» የሚሉት ውስጥ ገብቼ በሩን ገርበብ ሳደርገው የራሴ እጅ አልታየኝም። አብረውን የገቡ አንድ ጎልማሳ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ሲዳስሱ ቆይተው «የኔ ጥግ ይቺ ነበረች» አሉ።

የቱሉዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ዘነበች፣ እናትዎን ነፍሳቸውን ይማር። የጻፉትን ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስንቅ ጋ ስደርስ «አቁሚ» አሉኝ፣ ከዚያ ቡና አፍዪ ብለው የራሳቸውን ማውራት ጀመሩ። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ይሰማ ነበር። አባታቸው ከየት ሰፈር እንደተወሰዱ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው።

ቅዳሜ አንድነት ፓርክ እንሄዳለን፣ አማቴ ግን ምድር ቤቱ ድረስ አልወርድም ብለዋል። ቀይ ሽብር ሙዚየሙን ለሌላ ቀን አድርገነዋል። ልጁ ጥያቄዎቹን ጽፏል፤ «መንፈስ አለ ወይ» የሚለውን አላጠፋም፣ ወደ መጨረሻ ነው የወሰደው።

ሹፌሩ፦

ቅዳሜ ከሆነ በጠዋት ውጡ። ቃሊቲና ሳሪስ ላይ ከረፈደ መንገዱ ይዘጋጋል። መታወቂያ እንዳትረሱ፣ በር ላይ ይጠይቃሉ። ማዘርን ፊት ወንበር አስቀምጫቸው።

የቱሉዋ እናት፦

አንተው ትወስደናለህ ማለት ነው? ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።