የኦዲ (የኦክስጅንና ዲዩተሪየም ቦንድ) ንዝረት አናይሶትሮፒ ከ5 ፒኮሰከንድ በኋላ ለምን ተመልሶ ይወጣል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በፌምቶሰከንድ የኢንፍራሬድ ፓምፕ-ፕሮብ (ፓምፑ ሞለኪውሉን የሚያነሳሳ፣ ፕሮቡ ዘግይቶ የሚለካ የብርሃን ምት ነው) የውሃ ሞለኪውል በምን ፍጥነት እንደሚዞር እየለካን ነው። ናሙናው 5 በመቶ ከባድ ውሃ በተራ ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ በሁለት የካልሲየም ፍሎራይድ መስኮቶች መካከል 25 ማይክሮሜትር ቴፍሎን ስፔሰር አለ። ፓምፑ 4 ማይክሮጁል፣ 150 ፌምቶሰከንድ፣ መሃሉ 2500 ሴ.ሜ⁻¹። ትይዩውንና ቀጤነኩን (የፓምፑ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫ፣ ከፕሮቡ ጋር ሲገጥምና በ90 ዲግሪ ሲለይ የሚገኙትን ሲግናሎች) የምንለየው ፓምፑ ላይ ያለውን ሃፍ-ዌቭ ፕሌት (ፖላራይዜሽን የሚያዞር ሳህን) በማዞር ነው። 100 ፒኮሰከንድ ላይ ያለውን የሙቀት ሲግናል የሁለቱን አማካይ ወስደን ከሁሉም ቀንሰናል። አናይሶትሮፒው (የትይዩና የቀጤነክ ልዩነት፣ ለትይዩና ለሁለት እጥፍ ቀጤነክ ድምር ተካፍሎ) ከ0.37 ይነሳል (0.4 መሆን አልነበረበትም?)፣ እስከ 5 ፒኮሰከንድ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ 8 ላይ 0.2 ይደርሳል። ምኑ ጋ ነው ስህተቱ?

መልስ 1
መጀመሪያ ምንም ያልተቀነሰበትን ጥሬ ዳታ አውጣና 100 ፒኮሰከንድ ላይ ትይዩውን ከቀጤነኩ ጋር ደርበህ እይ። እዚያ ሲደርስ የቀረው ሙቀት ብቻ ነው፤ ሙቀት ደግሞ አቅጣጫ የለውም። ሁለቱ መስመሮች ልክ አንዱ በአንዱ ላይ መተኛት አለባቸው። ካልተኙ፣ ፓምፑ በሁለቱ አቀማመጥ እኩል አልሠራም። ፕሌቱ ትንሽ ሽብልቅ ከሆነ በዞረ ቁጥር ፓምፑን ከፕሮቡ ላይ ያንሸራትተዋል፤ ከሱ በኋላ ያሉት መስታወቶችም ሁለቱን ፖላራይዜሽኖች እኩል አያንጸባርቁም።

መጨረሻ ላይ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት ቀላል ነው። የኦዲ ንዝረት ዕድሜ 1.8 ፒኮሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ 8 ፒኮሰከንድ ላይ ከተነሳሳው የሚተርፈው 1.2 በመቶ ብቻ ነው። አማካዩን ሙቀት ስትቀንስ አካፋዩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የትይዩና የቀጤነክ የሙቀት ልዩነት ግን ተካፋዩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ለሚቀጥለው ልኬት ፓምፑን አትንካው። ፕሮቡን ከፓምፑ በ45 ዲግሪ አዘንብለህ፣ ከናሙናው በኋላ በሚዞር የሽቦ ፖላራይዘር ሁለቱን ለይ። ግሬቲንጉ (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚበትነው) ለአንዱ ፖላራይዜሽን ስለሚያደላ ከፊቱ ሌላ ፖላራይዘር በ45 ዲግሪ አስቀምጥ።

ጠያቂ
አየሁት፤ ትይዩው በ9 በመቶ ይበልጣል። የተለካውን ዳታ ማዳን ይቻላል?

መልስ 2
የፓምፑ ጉልበት በልኬቱ መሃል ካልዋዠቀ ይቻላል። ጥሬውን ትይዩ በሁሉም ጊዜ ላይ ለ1.09 አካፍል፣ ከዚያ ነው ሙቀት የሚቀነሰው። ያኔ 0.37ህ ወደ 0.34 ይወርዳል፤ እሱ ጤናማ ነው። ሞለኪውሉ በሃይድሮጅን ቦንዱ ታስሮ ስለሚወዛወዝ ከ0.4 ላይ የተወሰነው ከ200 ፌምቶሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። ዜሮ አካባቢ የመስኮቶቹም ሲግናል ስለሚቀላቀል ከርቭ ማስማማቱን (fit) ከ0.3 ፒኮሰከንድ ጀምር፣ 6 ላይ አቁም። የመዞሪያ ጊዜውን 2.5 ፒኮሰከንድ አካባቢ ማግኘት አለብህ።

አንድ ሌላ ስህተትም አያለሁ፦ ሙቀቱን ከዜሮ ሰዓት ጀምሮ በሙሉ መጠኑ ቀንሳችኋል። ሙቀት የሚመጣው ንዝረቱ ሲረግብ ነው፣ ከዚያም ወደ 1 ፒኮሰከንድ ያህል ዘግይቶ። የ100 ፒኮሰከንዱን ስፔክትረም በዚህ እድገት አባዝተህ ነው መቀነስ ያለብህ፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹን ፒኮሰከንዶች ያለ ዕዳቸው ታስከፍላቸዋለህ።

ደግሞ ሳጥኑን በደረቅ ናይትሮጅን አጥብቃችሁ ሙሉት። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2349 ሴ.ሜ⁻¹ ላይ ብርሃን ይመጣል፣ የተነሳሳው ሞለኪውል የሚመጥበትም ቦታ እዚያው አካባቢ ነው።