ጥቆማ፦ ለኳንተም መካኒክስ ጀማሪ የቱ መጽሐፍ ይሻላል?

ኮምቦልቻ ነኝ፣ ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት። ክረምቱን ኳንተም መካኒክስ (የአተምና የጥቃቅን ቅንጣቶችን ፊዚክስ) ለብቻዬ ልጀምር ነው። ፒዲኤፍ ስልኬ ላይ ሞልቷል፤ ፕሪንት የማስደርገው ግን አንዱን ነው። የቱን ትሉኛላችሁ?

— እህቴ፣ እኔ ደሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪ ሳለሁ «ከባዱን ከቻልኩ ቀላሉ ምን ያቅተኛል» ብዬ የሻንካርን መጽሐፍ ሙሉውን ኮፒ አድርጌ አስጠረዝኩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሳልወጣ ክረምቱ አለቀ። መጽሐፉ ጥሩ ነው፣ ግን ለሁለተኛ ዙር።

አንቺ በግሪፊትስ መጽሐፍ ጀምሪ። ሰው እንደሚያወራ ነው የሚጽፈው፤ ገና ሲጀምር የሽሮዲንገርን እኩልታ፣ የትምህርቱን ዋና ቀመር፣ አስቀምጦልሽ ወደ ሥራው ይገባል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳትቸኩዪ፤ ሳጥን ውስጥ የታሰረችው ቅንጣትና ሃርሞኒክ ኦሲሌተሩ (እንደ ስፕሪንግ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው) ኋላም አይለቁሽም። ጉድለቱ፣ የጥያቄዎቹ መልስ ከኋላው የለም። አስተማሪ አጠገቡ ለሌለ ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ የዘቲሊን መጽሐፍ ስልክሽ ላይ አቆዪው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የተሠሩ ጥያቄዎች አሉት። ለንባብ ደረቅ ነው፣ ራስን ለማረም ግን ወደር የለውም። የግሪፊትስን እትም አታማርጪ፤ የ2018ቱ ሦስተኛ እትም ስለ ሲሜትሪ ምዕራፍ ጨምሯል፣ ለጀማሪ ግን ሁለተኛውም ይበቃል።

— መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ግሪፊትስ ስፒንን፣ ማለትም ቅንጣት በተፈጥሮዋ ያላትን የመሽከርከር መሰል ባሕርይ፣ እስከ አራተኛው ምዕራፍ ያቆየዋል። የማክኢንታየር መጽሐፍ ግን የሚጀምረው በእሱ ነው፦ በ1922 ስተርንና ጌርላክ የብር አተሞችን በማግኔት መሀል ሲያሳልፉ ጨረሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ስፒኑ ሲለካ የሚሰጠው ሁለት ውጤት ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ሁለት በሁለት ማትሪክስ ነው። ይህ ለኢንጂነር አይከብድም።

— ማትሪክስ የሚቀናት ከሆነ አልከራከርም። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከወሰደች ግን ግሪፊትስ ይሻላታል።

— የፋይንማን የፊዚክስ ሌክቸሮች ሦስተኛው ቅጽስ? ካልቴክ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል።

— ማታ ማታ አንብቢው፣ ደስ ይላል። መልመጃ ግን በእሱ አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሉውን ፕሪንት አታስደርጊ። የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ብቻ፣ ፊትና ጀርባ። ለዚህ ብለሽ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ መምጣት የለብሽም፤ እዚያው ኮምቦልቻ ይሠራልሻል።

— እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ግሪፊትስ፣ አራት ምዕራፍ። የሻንካሩ ኮፒ ግን አሁንም አለዎት?

— አለ። ምዕራፍ አንዱ ተበጣጥሷል፤ ሌላው እንደ አዲስ ነው።