ስፋቱ እየተጎተተ ለሚቀየር የተከፋፈለ መስኮት የዴስክቶፕ ፕሮግራም መስኮት ከሚሠራባቸው ከኪዩት፣ ከጃቫ ስዊንግና ከደብሊውፒኤፍ የቱን ትጠቁሙኛላችሁ?

ጀማሪ፦ በግራ የፋይል ዝርዝር፣ በቀኝ የጽሑፍ ማረሚያ፣ ከማረሚያው ሥር ደግሞ የመልእክት ሰሌዳ ያለው የዴስክቶፕ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ተጠቃሚው የወሰነው ስፋት ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት እንዲመለስ እፈልጋለሁ።

የኪዩት ወዳጅ፦ ኪዩትን ይያዙ። የኪዩት መስኮት ከፋፋይ የሆነው ኪውስፕሊተር የክፍሎቹን ሁኔታ በሴቭስቴት ትእዛዝ አስቀምጦ በሪስቶርስቴት ይመልሳል፤ ሌላ ማማረጥ ጊዜ ማባከን ነው።

የተማረረ፦ ከመምረጥዎ በፊት ይህን ይስሙ። ስሙን በማልጠቅሰው ፕሮግራም ላይ አካፋዩን መስመር እስከ ጥግ ስስበው ዝርዝሩ ጠፋ፤ ፕሮግራሙም ያንኑ ዜሮ ስፋት በታማኝነት መዝግቦ በከፈትሁት ቁጥር ያለ ዝርዝር ይቀርብልኝ ጀመር። መስመሩ ከመቅጠኑ የተነሣ በማውስ ሊያዝ ስላልቻለ የቅንብር ፋይሉን ለመሰረዝ ተገደድሁ።

ባለ ሁለት ስክሪን፦ እኔም ደርሶብኛል። በሰፊው ስክሪን በፒክሰል የተመዘገበው ስፋት በላፕቶፑ ላይ ማረሚያውን ዋጠው።

የኪዩት ወዳጅ፦ ይህ በኪዩት አይከሰትም።

ሰነድ አንባቢ፦ ሰነድ ማንበብም ጊዜ ማባከን ካልሆነብዎ፣ ኪውስፕሊተር ሴትችልድረንኮላፕሲብል በሚባለው ትእዛዝ በፎልስ (አይፈቀድም) ካልተከለከለ በቀር ዝቅተኛ ስፋት የተሰጠውን ክፍል እንኳ ወደ ዜሮ እንዲታጠፍ ይፈቅዳል።

ተመልካች፦ ክፍሎቹን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ከፈለጉ የኪዩቱ ኪውዶክዊጀት ይሻላል።

ሰነድ አንባቢ፦ የተጠየቀው ስለ መጎተት እንጂ ስለ መንቀል አልነበረም።

የስዊንግ ሠራተኛ፦ የስዊንግ መስኮት ከፋፋይ የሆነው ጄስፕሊትፔን ሁለት ክፍል ብቻ ስለሚይዝ ለእርስዎ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ይኖርብዎታል። መስኮቱ ሲሰፋ ትርፉ ቦታ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ሪሳይዝዌት ካልተነካ 0 ነው፤ ያም ማለት ትርፉ በሙሉ ለቀኙ ወይም ለታችኛው ክፍል ይሰጣል። ለፋይል ዝርዝሩ ይህ ተገቢ ነው፤ በማረሚያውና በሰሌዳው መካከል ግን 1 ካላደረጉት ሰሌዳው ያለ ፍላጎትዎ እያበጠ ይሄዳል። አካፋዩን በክፍልፋይ ቁጥር ካስቀመጡም መስኮቱ ከታየ በኋላ ይሁን፤ ቀድመው ካዘዙት ምንም ለውጥ አያመጣም። በደብሊውፒኤፍ ከፋፋይ በግሪድስፕሊተር ስፋቱን መዝግቦ መመለስ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ለዓምዶቹም ሚንዊድዝ (ዝቅተኛ ስፋት) መስጠትን አይርሱ። የትኛውንም ቢመርጡ የተመዘገበውን ቁጥር እንዳለ አይመልሱት፤ አስቀድመው ከዝቅተኛው ስፋትና ከአሁኑ መስኮት ጋር ያመዛዝኑት።

ጀማሪ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማውስ ለማይጠቀም ሰውስ አካፋዩ በኪቦርድ ይንቀሳቀሳል?

የስዊንግ ሠራተኛ፦ በስዊንግ ኤፍ8 ተጭነው በቀስቶቹ ያንቀሳቅሱታል።

የኪዩት ወዳጅ፦ እኔ አሁንም ኪዩት ነው የምለው።