የአሞራ ገደል ጉሬዛዎችን በየወሩ መቁጠር ምን ይጠቅማል? የደሴት ጦጣዎችን ጥናት የምታውቁ መልሱልኝ

ጥያቄ፦ መምህርት ከታቦር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ጋር ሆነን አሞራ ገደል ያሉትን ጉሬዛዎች በወር አንዴ ቅዳሜ ጠዋት መቁጠር ጀምረናል። አሁን ግን ልጆቹ መሰላቸት ይዘዋል። «ቁጥሩ ያው ነው፣ ለምን እንመላለሳለን?» ይሉኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዋናው የጦጣ ጥናት የሚካሄደው ግድብ በፈጠራቸው ደሴቶች ላይ ነው፣ የፓናማውን አንብቢ አለኝ። ደሴት መሆኑ ለጥናት ምን ይጠቅማል? እኛስ ከተማ መሃል ተቀምጠን ከዚያ የምንማረው ነገር አለ?

መልስ፦ ጫካ ለጫካ

እህቴ፣ የባሮ ኮሎራዶን ታሪክ ንገሪያቸው። ዕድሜዬን ከተመራማሪዎች ጋር ጦጣ ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አዲስ ረዳት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማወራው ይህንን ነው።

ባሮ ኮሎራዶ ድሮ ኮረብታ ነበር። ለፓናማ ቦይ ተብሎ የቻግሬስ ወንዝ ሲገደብ ጋቱን ሐይቅ ተፈጠረ፤ ቆላው ሁሉ ውኃ ዋጠውና አናቱ ደሴት ሆኖ ቀረ። ስፋቱ 1,500 ሄክታር ግድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ለምርምር ተከለለ። በ1931 መጨረሻ ላይ ክላረንስ ሬይ ካርፔንተር የሚባል አሜሪካዊ ገብቶ ሃውለር የሚባሉትን፣ ጎህ ሲቀድ ጫካውን በጩኸት የሚያናውጡትን ጦጣዎች መቁጠር ጀመረ። በ1932 ወደ 400 ገደማ አገኘ፣ በዓመቱ 489። በ1951 ሌሎች ሄደው ሲቆጥሩ 239 ብቻ ሆኑ! ቢጫ ወባ ገብቶባቸው ነው ተብሎ ተገመተ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ካትሪን ሚልተን የተባለች ተመራማሪ ለአሥርት ዓመታት ተከታትላቸው፣ ቁጥራቸው 1,200 እና 1,300 አካባቢ ረግቶ አገኘችው።

እስቲ አስቢው፤ 1951 ላይ ብቻ ሄዶ የተመለሰ ሰው «አለቁ» ብሎ ይጽፍ ነበር። በኋላ ብቻ የሄደ ደግሞ «ድሮም እንዲሁ ነበሩ» ይላል። ልጆችሽ «ያው ነው» የሚሉት ቁጥር ዋጋው የሚታወቀው ያው መሆኑ የቀረ ዕለት ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር አይቻልም።

ደሴት መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሚገባም የሚወጣም የለም ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ባለ ጫካ አንድ ወንድ ሲጠፋ ሞተ ወይስ ወደ ሌላ መንጋ ሄደ ብለሽ ትጨነቂያለሽ፤ እዚያ ግን የቀሩትን መንጋዎች አስሰሽ ካጣሽው ሞቷል። ሞትና ምግብን፣ ሞትና በሽታን ማገናኘት የተቻለው በዚህ ነው። በ1970 በጋው ላይ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለና ዛፎቹ ሳያፈሩ ቀሩ፤ ብዙ እንስሳ በረሃብ አለቀ። መሬት ላይ የሚወድቀውን ፍሬ የሚመዘግብ ሰው ባይኖር ኖሮ ምክንያቱ ባልታወቀ ነበር። ሃውለሮቹን የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ፦ እጯን አንገታቸው ቆዳ ሥር የምታሳድግ ዝንብ። ይህም የታወቀው ሬሳ እየፈለጉ፣ የሞተበትን ወር እየጻፉ ዓመታት በቆዩ ሰዎች ነው። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

መልስ፦ የደን ልጅ

ጋሼ በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴት ሁልጊዜ መጠለያ አይሆንም። ቬኔዝዌላ ውስጥ የጉሪ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሞልቶ ብዙ ኮረብታዎች ደሴት ሆነው ቀሩ። ጆን ተርቦርግ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ አዳኝ እንስሳ ባልቀረባቸው ትናንሽ ደሴቶች ላይ የሃውለሮቹ ብዛት በካሬ ኪሎ ሜትር እስከ 1,000 ደረሰ፤ ደሴት ባልሆነው ደን ግን ከ20 እስከ 40 ነው። ቅጠል በሊታው ከመጠን በላይ ሲበዛ ችግኝ አላድግ አለ። ስለዚህ ጦጣውን ብቻ ሳይሆን ዛፉንም ቁጠሩ።

ደግሞ እኛ አገር ውኃ ያልከበበው ደሴት ሞልቷል። የባሌ ጦጣ ዋና ምግቡ ቀርከሃ ነው፤ ኮኮሳ አካባቢ ግን በእርሻና በግጦሽ መሬት በተከበቡ ቁርጥራጭ ደኖች ውስጥ ቀርቶ ሌላ ሌላውን ቅጠልና ፍሬ እየበላ ይኖራል። አሞራ ገደልም በአንድ በኩል ሐይቅ፣ በሌላው ከተማ ነው። የሕዳሴው ግድብ የፈጠረው የንጋት ሐይቅም ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሲሞላ ደሴቶች ፈጥሯል፤ እዚያ የቀረው ዛፍና እንስሳ ከአሁኑ ቢመዘገብ ደስ ባለኝ።

መምህርት ከታቦር

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በወር አንዴ በቂ ነው? ጉሬዛዎቹስ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ሆነው እንዴት ይለያሉ?

ጫካ ለጫካ

ለጉሬዛ በወር አንዴ ይበቃል፣ ምክንያቱም ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ከሩቅ ያበራል። ሦስት አራት ወር እስኪሞላው ቀስ በቀስ እየጠቆረ የትልቆቹን መልክ ይይዛል። በወር አንዴ ከሄዳችሁ እንግዲህ በሕይወት የቆየ ግልገል ነጭ ሳለ አያመልጣችሁም፤ የልደት ወሩንም በግምት ትጽፋላችሁ። ከዓመታት በኋላ ልደት ከዝናብ ጋር መሄድ አለመሄዱን ከራሳችሁ ደብተር ታዩታላችሁ።

መለየቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፊቱን እዩ፤ የተቀደደ ጆሮ፣ ከንፈር ላይ ያለ ጠባሳ፣ የጎደለ ጣት። ጉሬዛ አውራ ጣት ስለሌለው እሱን ጉዳት ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጭራው ላይ ያለው ነጭ ጎፈር ከየት እንደሚጀምርም ሳሉት። ያልለያችሁትን «ያልታወቀ» በሉ እንጂ በግምት ስም አትስጡ።

አንድ ነገር አደራ። የሚጎበኘው ሰው ዳቦና ብስኩት ይሰጣቸዋል። የጉሬዛ ሆድ እንደ ላም ክፍል ክፍል ያለው፣ ቅጠል የሚያብላላ ነው፤ ዳቦ አይስማማውም። ደግሞ ሰው የቀለበው መንጋ የት እንደሚውል የሚወስነው ሰው እንጂ ዛፍ አይሆንም፤ መዝገባችሁም ይበላሻል። ልጆቹ ሰዉን በትሕትና ይንገሩ። የመገበ ሰው ያዩ ቀንም ምን እንደሰጠና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፉ።

ደብተሩን ደግሞ በአንድ ተማሪ እጅ አትተዪው። ልጆቹ 12ኛን ጨርሰው ይሄዳሉ። ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ቅጂ ይቀመጥ፣ በየወሩም ፎቶ ይነሳ።