8.25 ወይስ 8.75 ኢንች? 98 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የትኛው የስኬትቦርድ ዴክ (መቆሚያ ሳንቃ) ይሻላል?

ረጅሙ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ቁመቴ 1.88፣ ክብደቴ 98 ኪሎ፣ ጫማዬ 46 ቁጥር ነው። ባብዛኛው የምነዳው ከሜክሲኮ እስከ መስቀል አደባባይ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አዲስ ስኬት ፓርክ እገባለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ሙሉውን ዕቃ አንድ ላይ ላስመጣ ነው፤ አንዴ ከመጣ መቀየር የለም። ክብደቴን የሚችለው ሰፊ ዴክ ነው ወይስ ወፍራም? ቅርጹስ ምን ይሁን? ትራክ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) እና ጎማውንም ጨምሩልኝ።

ባለ149
ሰፊ ዴክ ማለት ጠንካራ ዴክ ማለት አይደለም። 8 ኢንችም ይሁን 9፣ የተለመዱት ዴኮች ሰባት ንብርብር ሜፕል ናቸው፤ ውፍረታቸውም ይቀራረባል። ስፋቱን የሚወስነው እግርህ ነው፣ ዊልቤዙን (የሁለቱን ትራክ ርቀት) ቁመትህ፣ ክብደትህ ደግሞ ጎሚኒውን (ትራኩ ውስጥ ያለውን ላስቲክ)። አትደባልቃቸው።

8.25 ማለት 21 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በ46 ቁጥር ጫማ ጣትህም ተረከዝህም በጣም ይተርፋል፤ ጠበቅ አድርገህ ስትታጠፍ ጫማህ ጎማውን ይነካል። ከ8.5 አትውረድ። ፍሊፕ (ቦርዱን አየር ላይ ማገላበጥ) የምትሞክር ከሆነ 8.5፣ ራምፕና መንገድ ከሆነ ዋናው 8.75።

ዊልቤዝ የሚለካው ከፊተኛው ትራክ ውስጠኛ ብሎን ቀዳዳ እስከ ኋለኛው ውስጠኛ ቀዳዳ ነው። ለአንተ ቁመት ቢያንስ 14.5 ኢንች። 14 ላይ ጉልበትህ ይታጠፍና ትከሻህ ከአፍንጫው (ከዴኩ የፊት ጫፍ) አልፎ ይሄዳል። ግን 15ን አልፎ ሲረዝም መሃሉ ይበልጥ ይለመጣል፣ ቴሉን (የኋላ ጫፉን) መምታትም ይከብዳል። ሻጩ ዊልቤዙን ካልጻፈ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ኮንኬቩ (የዴኩ ጎኖች ወደ ላይ ቀና ማለት) መካከለኛ ይሁን፣ ልሙጡን ተወው። ቆርቆሮ የሚጠነክረው በእጥፋቱ እንደሆነው ሁሉ ዴክም ጎንና ጎኑ ቀና ሲል መለመጡ ይቀንሳል።

ትራክ በኢንዲፔንደንት (የትራክ ብራንድ ነው) ቁጥር፦ 149 ለ8.5፣ 159 ለ8.75፣ 169 ለ9 ገደማ። የጎማው የውጭ ጠርዝ ከዴኩ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ጎሚኒ_ብቻ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ የከባድ ሰው ችግር ግን ከዴኩ በፊት ጎሚኒው ላይ ይታያል። ከትራክ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ 90ኤ አካባቢ ነው (ኤ የጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠነክራል)። 98 ኪሎ ሲቆምበት ይጨፈለቃል፤ ቦርዱ ትንሽ ስትጋደል ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል፣ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ሁሉም ሰው የኪንግፒኑን (ጎሚኒውን የሚያልፈውን የትራክ ብሎን) ዳዶ ማጥበቅ ይጀምራል። ያ መፍትሔ አይደለም። ጎሚኒው ከሮንዴላው ውጪ ይወጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ቦርዱም ወደ መሃል መመለስ ያቆማል። ዳዶውን ሳታስጨንቅ ጠንካራ ጎሚኒ ግባ፦ ከታች 96ኤ፣ ከላይ 92 ወይም 94። ለሁለቱ ትራክ ሁለት ሁለት ሆኖ አራት ጎሚኒ ነው፤ መለዋወጫ አንድ ጥንድ አክል፣ ክብደቱ ምንም አይደለም። የፒቮት ካፑንም (የትራኩ ጫፍ የሚያርፍበትን ትንሽ ፕላስቲክ) እዘዝ፣ ለከባድ ሰው ቶሎ ያልቃል።

ከፒያሳ_ቁልቁል
ለሜክሲኮ–መስቀል አደባባይ መንገድ እኔ 8.5ን አልስማማበትም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ግን የንጣፉ መጋጠሚያ ለትንሽና ለጠንካራ ጎማ አይመችም፤ 52 ሚሊ ሜትር 101ኤ እዚያ ላይ ጥርስ ያንገጫግጫል። 9 ኢንች፣ ቴሉ ሰፋ ብሎ አፍንጫው አጠር ያለ፣ 58 ሚሊ ሜትር 78ኤ ጎማ ቢሆን ይሻለዋል። ኮብልስቶን ግን በዚህም አይነዳም፣ ተሸክመህ እለፍ።

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ካሰብከው፣ ክብደትህ በጨመረ ቁጥር ለማቆም ረጅም ርቀት ያስፈልግሃል። በእግር ማቆምን ለጥ ባለ ቦታ ሳትለምድ አትግባበት።

ባለ149
@ከፒያሳ_ቁልቁል ለመንገዱ ልክ ነህ፤ ፓርኩ ላይ ግን 78ኤ አይንሸራተትም፣ አጭር አፍንጫም ኖሊ (በአፍንጫው ተመትቶ የሚዘለል) እና ሌላ የአፍንጫ ትሪክ ያሳጣዋል። አንድ ዴክ ብቻ ከሆነ ሁለቱ ጫፎቹ የተለመዱት 8.75፣ ከሁለት ስብስብ ጎማ ጋር፦ 58/78ኤ ለመንገድ፣ 55 ወይም 56/99ኤ ለፓርክ። ኩሽኔታም ሁለት ስብስብ ይሁን፣ አለዚያ በየሳምንቱ ነቅሎ መክተት ይሰለቻል።

ረጅሙ_ልጅ
58ቱ ዴኩን አይነካም? ዕቃ ቢበላሽ ደግሞ እዚህ ምን ይገኛል?

ጎሚኒ_ብቻ
ያለ ራይዘር (በዴኩና በትራኩ መሃል የሚገባ ማስነሻ) ይነካል፣ ጎማው ድንገት ይቆምና አንተ ወደፊት ትበራለህ። 3 ሚሊ ሜትር ራይዘር በሁለቱም ትራክ ሥር አድርግ። ያኔ 1 ኢንች ብሎን ሊያጥር ስለሚችል 1 ኢንች ከሩብ እዘዝ፤ ዳዶው ውስጥ ያለውን ናይሎን አልፎ ሁለት ሦስት ጥርስ ካልታየ አጭር ነው። ቦርዱ ላይ ቆመህ በሙሉ ክብደትህ ወደ ሁለቱም ጎን ተጋደል፤ ዴኩ ላይ የጎማ ምልክት ከታየ ራይዘሩ አልበቃም ወይም ጎሚኒው ለስልሷል።

ኩሽኔታ እዚህ ችግር የለም። 608 የሚባለው ነው፣ ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር፤ ኩሽኔታ ሱቅ ገብተህ ላስቲክ ክዳን ያለውን 608 በል። በሁለቱ ኩሽኔታ መሃል የሚገባውን ስፔሰር ግን ከውጭ አስመጣ፤ ሲታጠፉ የሚመጣውን የጎን ጫና ያካፍላል። ቁልፍ፦ የጎማው ዳዶ ግማሽ ኢንች ስለሆነ 13 ቁጥር ይይዘዋል። የኪንግፒኑ 9/16 ነው፣ 14 ቁጥር አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ የስኬት ቁልፉን አብረህ እዘዝ።

ባለ149
መለዋወጫ ዴክም ከተቻለ ሁለት ይሁኑ። ከባድ ሰው ዴክ የሚሰብረው ዘሎ ሲያርፍ እግሩ መሃል ላይ ሲውል ነው፤ በብሎኖቹ ላይ ካረፍክ ተራው ሜፕልም ይችልሃል። ገንዘብ ከተረፈህ የፓውል ፔራልታ ብራንድ ፍላይት የተባለው ዴክ በፋይበርና በኢፖክሲ የተጠናከረ ስለሆነ ከተራው ይበልጥ ይቆያል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በየጊዜው የትራኩን ብሎን ዙሪያ እይ፤ ከቀዳዳው ተነስቶ የሚሄድ ስንጥቅ ካየህ ያን ዴክ ለመንገድ ብቻ አድርገው። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ አትንዳ፦ ውሃው በጠርዙ ገብቶ ንብርብሩን ያላቅቃል፣ ኩሽኔታውም ይዝጋል። ከረጠበ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ይጣመማል፤ ትራኩን ፈተህ ጥላ ውስጥ በጎኑ አቁመው።